ከመቀስ እስከ እርሳስ፦ በኢኬባና መንፈስ የተቆጠረ የፎቶ ህትመት ለማዘጋጀት

አንድ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ቆሞ አየ። ጎበጥ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ አለ። ከሥሩ አንድ በቅጡ ያልፈካ ጽጌረዳ። የቀረው ባዶ ነው። «ያምራል፤ ግን አበባው አለቀብሽ እንዴ?» አለኝ።

አላለቀብኝም። ስጀምር ባልዲ ሙሉ ነበረኝ። ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱን መቀነስ ነው።

ይህ መመሪያ ስለዚያ ቅነሳ ነው። ከጃፓኖቹ ኢኬባና ተነስታችሁ አበባ ትደረድራላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ በጥሩ ወረቀት ታሳትማላችሁ። ከዚያ «ከዚህ ሥራ 12 ቅጂ ብቻ ነው የሚኖረው» ብላችሁ በእርሳስ ትፈርማላችሁ። ሥራው ከላይ እስከ ታች መቁረጥ ነው። መጀመሪያ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ የፎቶውን ጠርዝ፣ በመጨረሻ የቅጂውን ቁጥር። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚያ ላይ ነው፤ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስለ ኢኬባና የሚበቃችሁን ያህል

ኢኬባና ካዶ ተብሎም ይጠራል፤ «የአበባ መንገድ» ማለት ነው። ለቡድሃ ከሚቀርብ አበባ የተነሳ ጥበብ ነው። አንጋፋው ትምህርት ቤት ኢኬኖቦ ይባላል፤ ኪዮቶ ከሚገኘው ሮካኩዶ ቤተ መቅደስ ጋር የተያያዘ ነው። ሰንኬይ የሚባል የዚያ መነኩሴ የደረደረው አበባ እ.ኤ.አ. በ1462 በተጻፈ የዕለት ማስታወሻ ላይ ተጠቅሷል። የከተማው ሰው ሊያየው ይሽቀዳደም ነበር ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ኦሃራ ኡንሺን ሞሪባና የሚባለውን አሠራር አመጣ። ጠባብ አፍ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ቀርቶ ሰፊና ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ መደርደር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ሶፉ ተሺጋሃራ የሶገትሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። የሶገትሱ ሰዎች ኢኬባና በማንም፣ በየትም፣ በማንኛውም ነገር ሊሠራ ይችላል ባዮች ናቸው። ለጀማሪ የሚመቸው የነሱ አሠራር ነው። ከታች የምሰጣችሁ ልክም የነሱ ነው።

ለፎቶ አንሺ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። የድሮው ኢኬባና ቶኮኖማ በሚባል ግድግዳ ውስጥ ገባ ባለ ቦታ ይቀመጥ ነበር። ተመልካቹ ፊት ለፊት ወለል ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ዙሪያውን አይዞረውም። ማለትም ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲታይ የተሠራ ነገር ነው። ሌላው ማ የሚሉት ነው፤ በነገሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ። እንደ ቅርንጫፉ ሁሉ ባዶውም ይሠራል። ወዳጄ ያላየው እሱን ነው።

1. ከግድግዳው ጀምሩ

ካሜራ ሳታነሱ የህትመቱን ቅርጽና መጠን ወስኑ። በቶኮኖማው ውስጥ ከአበባው ጋር ካከጂኩ የሚባል ረጅምና ጠባብ ተንጠልጣይ ሥዕል ይሰቀላል። ለዚህ ሥራ እኔ የምወደው እሱን የሚመስል ቁመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነ ቅርጽ ነው። ወደ ላይ ለሚወጣ ቅርንጫፍ ቦታ ይሰጣል።

አሁን ሒሳቡ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጣል። በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ካሳተማችሁ ወደ 50 በ34 ሳ.ሜ. ይወጣል። በ240 ካደረጋችሁት ኤ2 ይሞላል፤ በዓይን ልዩነቱን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። በእጥፍ ቁመት ከቆረጣችሁት 25 በ50 ሳ.ሜ. ቆንጆ ህትመት ይሆናል። 12 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ስልክም ለኤ4 ይበቃል። «ካሜራ የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ።

2. ዕቃና ተክል

አራት ነገር ያስፈልጋችኋል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሰሃን፣ ስለታም መቀስ፣ ባልዲ ውሃ እና ከንዛን። ከንዛን ከባድ መሠረት ላይ የነሐስ መርፌዎች የተተከሉበት ነገር ነው። ስሙ «የሰይፍ ተራራ» ማለት ነው፤ እጃችሁን ሲወጋችሁ ስሙ ይገባችኋል። ግንዱ መርፌዎቹ ላይ ይሰካል። ካላገኛችሁ ከውጭ የሚመጣ ሰው አስመጡ፤ አንዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እስከዚያው ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ውሰዱና ሁለት አጫጭር እንጨቶች በመስቀል ቅርጽ አፉ ውስጥ ወጥሩ። ጃፓኖቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። አረንጓዴውን የአበባ ፎም ግን ተዉት። ግንዱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል እንጂ ልታዘነብሉት ስትሉ ይፈረፈራል።

ተክሉስ? የቼሪ አበባ ፍለጋ አትንከራተቱ። ኢኬባና የሚጠይቀው የወቅቱንና የአካባቢውን ተክል ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወይራ፣ ጽድ፣ ቀጋ፣ ሰንበሌጥ፣ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ አያጣም። መስከረም ላይ አደይ አለ። ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ደጃችሁ ላይ ያለውን ውሰዱ።

ስለ ጽጌረዳ አንድ ቃል። ከአበባ ሱቅ የምትገዙት ለውጭ ገበያ የተመረተ ዓይነት ነው፤ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ። ለእቅፍ አበባ ጥሩ፣ ለእኛ ግን አስቸጋሪ። ባለሱቁን «የጎበጠ ወይም ለእቅፍ ያልሆነ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ቀጥሎ ግን ሊጥለው የነበረውን በርካሽ ይሰጣችኋል። የእኔ ምርጥ ሦስት ፎቶዎች የወጡት ከእንዲህ ያለ ውዳቂ ነው።

ቤት እንደገባችሁ ግንዱን ባልዲው ውስጥ እንዳለ፣ ውሃ ሥር፣ ከጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ሳ.ሜ. ቁረጡት። ሚዙኪሪ ይባላል። አየር ግንዱ ውስጥ ገብቶ የውሃውን መንገድ እንዳይዘጋ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ ውሃ ይጠጣ። ይህን የዘለለ ሰው ፎቶው መሃል አበባው አንገቱን ይደፋበታል።

3. ሦስቱን ግንዶች መለካት

የሶገትሱ መሠረታዊ አደራደር ሦስት ዋና ግንዶች አሉት። ሺን፣ ሶኤ እና ሂካኤ ይባላሉ። የሰሃኑን ወርድና ከፍታ ደምራችሁ በአንድ ተኩል አባዙት፤ ያ የሺን ርዝመት ነው። ሶኤ የሺንን ሦስት አራተኛ፣ ሂካኤ የሶኤን ሦስት አራተኛ ይሆናል።

የእኔ ሰሃን ወርዱ 30፣ ከፍታው 6 ሳ.ሜ. ነው። ድምሩ 36። ስለዚህ ሺን 54፣ ሶኤ 40፣ ሂካኤ 30 ሳ.ሜ. ይሆናሉ። ሺንና ሶኤን ከወይራ፣ ሂካኤን ከጽጌረዳ አደረግሁ። ሺን ከቀጥታ መስመር 15 ዲግሪ ያህል ይዘነብላል፣ ሶኤ 45፣ ሂካኤ 75። ሺንና ሶኤ ወደ ግራ፣ ሂካኤ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ሦስቱም ደግሞ በመጠኑ ወደ ተመልካቹ ይመጣሉ። ይህችን «ወደ ተመልካቹ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስቸግረናለች።

እንጨት የሆነውን ግንድ በሰያፍ ቁረጡት፣ ለስላሳውን ግን ቀጥ አድርጋችሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ከዚያ ወደምትፈልጉት ጎን ግፉት። አዘንብላችሁ ከሰካችሁት አይይዝም። መርፌዎቹ እስኪሸፈኑ ውሃ ሙሉ።

አሁን ቅጠል መልቀም ነው። ከወይራው ላይ ወደ ታች የሚያዩትን፣ የተደራረቡትን፣ የቅርንጫፉን መስመር የሚሸፍኑትን አንድ በአንድ አንሱ። አንዱን ከማንሳታችሁ በፊት በጣታችሁ ሸፍኑና እዩ። የተነሳ ቅጠል አይመለስም። እኔ ከ54 ሳ.ሜ. ቅርንጫፍ ላይ ከግማሽ በላይ ነው ያነሳሁት። ሲጀመር ያሳዝናል። ከዚያ በድንገት የቅርንጫፉ ጉብጠት ብቅ ሲል «አሃ» ትላላችሁ።

ግንዶቹ ከውሃው የሚወጡበት ቦታ ሚዙጊዋ፣ የውሃ ዳር፣ ይባላል። እዚያ ንጹሕ መሆን አለበት። ከሩቅ ሲታይ ከአንድ ሥር የበቀሉ ይምሰሉ። ከንዛኑን በጥቂት ጠጠር ወይም በቅጠል ደብቁት፤ ቆሻሻ ያከማቻችሁ እንዳይመስል ግን።

4. መስኮቱና ጀርባው

ፎቶ መጻሕፍት ሁሉ «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ» ይላሉ፤ ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትም ብለው። ፍራንክፈርት ወይም ቶኪዮ ምክሩ ይሠራል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ግንቦት ሙሉ ከሰሜን መስኮቴ ጋር ተጣላሁ። በነዚያ ወራት የደቡቡን መስኮት ሞክሩ። ወይም ክረምቱን ጠብቁ፤ የሐምሌ ደመና የትኛውም ስቱዲዮ የማይሰጣችሁን ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል።

ብርሃኑ ከጠነከረ ነጠላ መስኮቱ ላይ አንጠልጥሉ። የምሬን ነው። ስስ ነጭ ጥጥ ነው፤ ብርሃንን አለስልሶ ይበትናል። ጥለቱን ግን ከመስኮቱ ውጭ አጥፉት፤ ቀይና አረንጓዴው አበባው ላይ ያርፋል። የክፍሉን አምፖል አጥፉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጩ አበባ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ይሆናል፤ በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በሌላው ጎን ጥላው በጣም ከጠቆረ አንድ ነጭ ካርቶን 40 ሳ.ሜ. ያህል አርቃችሁ አቁሙ። ለጀርባው ያልተጨማደደ ባለ አንድ ቀለም ወረቀት ወይም ግድግዳ ይበቃል። አበባውን ከጀርባው አንድ ሜትር ከዚያም በላይ አርቁት። ጥቁር ጀርባ ሁሉም ሰው የሚወደው ነው፤ እኔም ጀማሪ ሆኜ በሱ ነው የተወሰድኩት። አሁን ግን ፈዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ነጭ እመርጣለሁ። ምክንያቱን ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

5. በአንድ ዓይን ማየት

የዚህ ሥራ ዋናው ችግር እዚህ ነው። እኛ በሁለት ዓይን እናያለን። ወደ እኛ የሚመጣ ቅርንጫፍ ወደ እኛ እንደሚመጣ ይገባናል። ካሜራ ግን አንድ ዓይን ነው ያለው። ወደሱ የሚመጣውን ሁሉ አጥፎ ይጨፈልቀዋል።

የእኔ ጽጌረዳ ክፍሉ ውስጥ ሳያት ከሰሃኑ ወጥታ ወደ እኔ የምትንጠራራ ነበረች። ፎቶው ላይ ግን ግንዷ ጠፋ። ሰሃኑ አፍ ላይ የተለጠፈች ቀይ ኳስ ሆነች። ሶኤ ደግሞ ጫፉ ከሺን ጋር ተደርቦ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ መሰለ። በክፍሉ ውስጥ ትክክል የነበረው አደራደር በፎቶው ላይ ስህተት ሆነ።

መፍትሔው ለካሜራው እንደገና መደርደር ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡና ከዚያ በኋላ አታንቀሳቅሱት። አበባውን እንጂ ካሜራውን አታስተካክሉ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በካሜራው ከፍታ እዩ፤ ወይም ስክሪኑን እያያችሁ ሥሩ። ወደ ሌንሱ ያነጣጠረውን ግንድ ወደ ጎን አዙሩት። የጽጌረዳዋን ግንድ ከሌንሱ አቅጣጫ ወደ ቀኝ አንድ ሩብ ዙር ባዞርኩት ጊዜ ርዝመቱ ተመለሰ። ኢኬባና የተማረ ሰው መጥቶ ቢያየው «ይህ ሂካኤ ቦታው አይደለም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ፎቶው ላይ ግን ቦታው እሱ ነው።

መስመሮች የሚቋረጡበትን ሁሉ ፈትሹ። ሁለት ቅርንጫፎች የግድ መተላለፍ ካለባቸው በግልጽ ይተላለፉ። የአንዱ ጫፍ የሌላውን ጠርዝ ነክቶ መቆም ግን ዓይን ይቆረቁራል። ከዚያ በመካከላቸው ያሉትን ባዶዎች እዩ። ሁለት ባዶዎች እኩል ከሆኑ አንዱን አስፉት። ሌላ ቅጠል የምታነሱትም አሁን ነው።

የካሜራው ከፍታ ከሰሃኑ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያህል። ያኔ ውሃው እንደ ቀጭን ብርሃን ይታያል። ከፍ ካላችሁ ከንዛኑ ይጋለጣል። ዝቅ ካላችሁ ውሃው ይጠፋል።

የካሜራ ቁጥሮቹን ባጭሩ፦ ከ85 እስከ 100 ሚሊሜትር ሌንስ፤ አነስ ያለ ሴንሰር ላለው ካሜራ ከ50 እስከ 60። ርቀት ሁለት ሜትር ገደማ። አይኤስኦ 100። የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፤ ከዚያ ካጠበባችሁት ምስሉ መልሶ ይለሰልሳል። ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል፣ ይሁን። መዝጊያው ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በሁለት ሰከንድ ታይመር አንሱ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ትንፋሻችሁንም ያዙ። አንድ ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ አስገብታችሁ አንሱ፤ ቀለሙን በኋላ በሱ ታስተካክላላችሁ።

ከዚያ ጠብቁ። ጽጌረዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት በየ20 ደቂቃው አንዳንድ አነሳሁ። የመረጥኩት የ5 ሰዓቱን ነው። አንድ ቅጠሏ ብቻ ለቀቅ ብሎ ነበር።

6. ፋይሉን ብዙ አትነካኩት

ጠርዙን ቁረጡ፣ አቧራ አጽዱ፣ ቀለሙን በግራጫ ካርዱ አስተካክሉ። ትል የበላውን ቅጠል ግን አታጥፉት። ኢኬባና ውስጥ የጠወለገ ቅጠልና ያልፈካ እምቡጥ አብረው ይገባሉ፤ ጊዜ የሚታየው በነሱ ነው። ነጭ አበባ ካላችሁ ብሩህ ቦታው በፋይሉ የብርሃን ልኬት 245 አካባቢ ይቁም፤ 0 ጥቁር፣ 255 ፍጹም ነጭ ነው። 255 ከደረሰ ማተሚያው ቀለም አይረጭበትም፤ አበባው ላይ የወረቀት ቀዳዳ ያለ ይመስላል።

የስክሪናችሁን ብርሃን ቀንሱ። የመጀመሪያ ህትመቴ ጠቁሮ ሲመጣ በማተሚያ ቤቱ ተናደድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ላፕቶፔ ብርሃኑ መቶ በመቶ ላይ ነበር። ነጭ ወረቀት መብራት ሥር ከስክሪኑ ጎን ያዙ። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና የሁለቱ ንጣት እስኪቀራረብ ስክሪኑን ዝቅ አድርጉት። መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያደርገዋል።

7. ወረቀትና ማተሚያ

ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ። ቀለሙ ፒግመንት ይሁን፣ ወረቀቱ ከአሲድ ነፃ። የተራ ማተሚያ ቀለም በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል። ዢክሌ የሚል ቃል ብትሰሙ አትደንግጡ። ጃክ ዱጋን የሚባል አሜሪካዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረንሳይኛው «መርጨት» ያወጣው ስም ነው። በኢንክጄት፣ ማለትም ቀለም በሚረጭ ማተሚያ፣ ታተመ ማለት ነው፤ ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

የወረቀት ምርጫው ሁለት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በካሬ ሜትር 300 ግራም አካባቢ የሚመዝን ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ የጥጥ ወረቀት ነው። ቀለምን በደንብ ይይዛል፤ ጥቁር ጀርባ ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ሌላው ዋሺ ነው፤ ከኮዞ ተክል ልጥ የሚሠራው የጃፓን ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት የዋሺ አሠራሮች በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ቶኩሺማ የሚገኘው አዋጋሚ ለኢንክጄት የተዘጋጀ ዋሺ ያመርታል። ስስ ነው፣ የልጡ ክር ይታያል፣ ዳሩ የተቀደደ ያህል ሻካራ የሆነም አለ። ጥቁር ቀለም ግን ዋሺ ውስጥ ሰርጎ ግራጫ ይሆናል። ነጭ ጀርባ የምወደው ለዚህ ነው። ነጩ ላይ ማተሚያው ምንም አይረጭም፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ ራሱ ወረቀቱ ይሆናል። ማ በእጅ ይዳሰሳል።

ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ከፎቶው በጣም ጨለማውንና በጣም ብሩሁን ቦታ ቆርጣችሁ በአንድ ኤ4 ላይ አሳትሙ፤ ፎቶው በሚታተምበት የወረቀት ዓይነት ላይ። ማተሚያ ቤቱ ለዚያ ወረቀት የተሠራውን አይሲሲ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚነግር ፋይል፣ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የጥጥ ወረቀት ብናኝ አለው፤ ሳይታተም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። አለዚያ ብናኙ በኋላ ይረግፍና ነጭ ነጥብ ይቀራል።

ምስሉ ዙሪያ ቢያንስ 4 ሳ.ሜ. ነጭ ጠርዝ አስቀሩ፤ የምትፈርሙት እዚያ ላይ ነው። ደግሞ በግልጽ ተናገሩ፦ «ላሚኔት እንዳታደርጉት!» አንድ ቦታ ሳልናገር ቀርቼ ያን የመሰለ የጥጥ ወረቀት በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ሸፍነው አስረከቡኝ። «እንዲያምርልሽ ብለን ነው፤ በነፃ ነው» አሉኝ። ምን ይባላል? አመስግኜ ወጣሁ።

ህትመቱ ከወጣ በኋላ ለ24 ሰዓት ይተንፍስ። ቶሎ መስታወት ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል።

8. ቁርጡ ቁጥር

እንግዲህ ደረስን። ፋይል ሺህ ጊዜ ይታተማል። «12 ብቻ» ማለት የእናንተ ቃል እንጂ የማሽኑ ገደብ አይደለም። በድሮው ህትመት ሥዕሉ የተቀረጸበት የመዳብ ሰሌዳ ራሱ እየተበላ ይሄዳል፤ ሲያልቅም ይፋቅና ይሰረዛል። ፋይል ግን አይበላም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «12 ቅጂ» ሲል በየትኛው መጠን እንደሆነ ሳይወስን ነው። በኤ3 12 ይሸጣል። ሲያልቅ «በኤ2 ደግሞ ሌላ 12» ይላል። ይህ እስከ ፍርድ ቤት የሄደ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዊልያም ኤግልስተን የድሮ ሥራዎቹን በትልቁና በዲጂታል አሳትሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ክሪስቲስ 36ቱን በጨረታ በ5.9 ሚሊዮን ዶላር ሸጠለት። የድሮዎቹን ትንንሽ ውስን ህትመቶች የገዛ አንድ ሰብሳቢ ከሰሰው። በቀጣዩ ዓመት ዳኛዋ ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ አዲሶቹ ሌላ ህትመት ናቸው ተባለ። ኤግልስተን ረታ። እናንተ ግን ኤግልስተን አይደላችሁም። ደንበኛችሁ የአክስታችሁ ጎረቤት ናት፤ ሁለተኛ እንድትገዛችሁ ትፈልጋላችሁ።

ስለዚህ ሁሉንም መጠን በአንድ ላይ ቁጠሩ። የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግም የሚቆጥረው እንዲሁ ነው። ፎቶ የጥበብ ሥራ የሚባለው አርቲስቱ ራሱ ያነሳው፣ እሱ ወይም በሱ ክትትል የታተመ፣ የተፈረመና የተቆጠረ ሲሆን፣ በሁሉም መጠን ተደምሮ ከ30 ቅጂ ያልበለጠ ከሆነ ነው። አውሮፓ ለመሸጥ የምታስቡ ከ30 አትለፉ። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክም ሻጩ ስለ ቅጂው ብዛት ለገዢው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የሚያስገድዱ ሕጎች አሏቸው።

የእኔ ምክር ለጀማሪ ከ10 እስከ 15 ነው። 100 ካላችሁ ገዢው አይቸኩልም። 3 ካላችሁ ደግሞ የሙከራ ወረቀቱን ወጪ እንኳ አትመልሱም። ከቁጥሩ ውጭ ለራሳችሁ የምታስቀሩት የአርቲስት ቅጂ ይኖራል፤ ልማዱ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ለ12 ቅጂ አንድ ወይም ሁለት። እሱንም ምስክር ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

12ቱንም ዛሬ ማሳተም የለባችሁም። በተሸጠ ቁጥር ማሳተም ይቻላል። ግን የመጀመሪያውን የተወደደ ህትመት «በዚህ ልክ» ብላችሁ ፈርማችሁ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡት። ሰባተኛው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታተም ከሱ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ወረቀቱ ገበያ ላይ እንዳይጠፋባችሁ ለ12ቱም የሚበቃውን አንድ ላይ ብትገዙ ይሻላል።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የመጀመሪያዎቹን አራት በመነሻ ዋጋ ሽጡ፣ ቀጣዮቹን አራት ጨመር አድርጉ፣ የመጨረሻዎቹን የበለጠ። መጀመሪያ ያመኗችሁ ሰዎች ይጠቀማሉ። ወደ ኋላ ግን አትቀንሱ፣ ለዘመድም ቢሆን።

9. እርሳሱ

ለስላሳ እርሳስ፣ ማት ወረቀት፣ የታጠበ እጅ። ከምስሉ በታች በግራ ቁጥሩን 3/12 ብላችሁ፣ መሃል ርዕሱን፣ በቀኝ ፊርማችሁን። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይሰራጫልም። ሰው «1/12 ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። በመዳብ ሰሌዳ ዘመን አዎ፣ ሰሌዳው ስለሚበላ። በዲጂታል ልዩነት የለውም።

የጃፓን አርቲስቶች ቀይ ማኅተም ያደርጋሉ። ቆንጆ ነው፤ ማኅተሙ ግን ስማቸው ነው። የማታነቡትን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ወስዳችሁ አታትሙ። ርዕሱንም በጃፓንኛ ለማሳመር አትሞክሩ። የእኔው «ወይራ፣ 5 ሰዓት» ይባላል። ደግሞ አስተማሪ ጋር ካልተማራችሁ ሥራውን «ኢኬባና» አትበሉት። «በኢኬባና መንፈስ» ይበቃል። ሰዎቹ ለምስክር ወረቀቱ ዓመታት ይማሩበታል።

የእናንተ ምስክር ወረቀት ላይ ርዕሱ፣ የተነሳበትና የታተመበት ዓመት፣ የወረቀቱና የቀለሙ ዓይነት፣ የምስሉ መጠን፣ ቁጥሩ፣ የአርቲስት ቅጂው ብዛት፣ ፊርማ። ያንኑ በወፍራም ደብተር መዝግቡ፤ ማን እንደገዛውና መቼ ጨምሩበት። ስልክ ይጠፋል፣ ደብተር ይቆያል።

10. መላኩ

ዋሺ ከሆነ አትጠቅልሉት፤ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ጠፍጣፋ አድርጉት። የጥጥ ወረቀት በሰፊ ቱቦ ይሄዳል። ከ10 ሳ.ሜ. ያነሰ ስፋት ያለው ቱቦ ግን ወረቀቱን ያጎብጠዋል። ምስሉ ላይ ከአሲድ ነፃ ስስ ወረቀት አልብሱት፣ ከዚያ ፕላስቲክ። ጋዜጣ አይነካውም።

ውጭ አገር ላለ ገዢ በመንገደኛ የምትልኩ ከሆነ ቱቦውን ከሻንጣው ጋር አታስጭኑት፤ በእጅ ይያዝ። ላዩ ላይም «ፎቶ፣ ወረቀት» ብላችሁ ጻፉ። እኔ አንዴ በትልቁ «አበባ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። እህቴ አየር ማረፊያ ላይ ቱቦውን ከፍታ፣ ተክል እንዳልያዘች ለማሳየት የወይራውን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነው ያለፈችው። ፈታሿ ግን ጥሩ ሴት ነበረች አለችኝ። ጓንት አጥልቃ ነው የነካችው።